ያገለገለ የዕቃ ማጠቢያ መኪና አልነሣም ባለ ጊዜ

በቤት ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ተሠርቶ አለቀ የማይባል ሥራ ቢኖር የምግብ ዕቃ ማጠብ ነው። ልብስ የታጠበ እንደ ሆነ ጥቂት ቀን ይለበሳል፤ ቤት የተጠረገ እንደ ሆነ እስከ ማታ ይቆያል፤ ሳሕን ግን ታጥቦ ሳይደርቅ ሁለተኛ ይፈለጋል። ይህን ሥራ በየቤቱ የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ብንመረምር፥ ብዙ ጊዜ እናት፥ ወይም ከልጆች ታናሽዋ፥ ወይም ከዘመድ ቤት የመጣች ልጅ ሆና እናገኛለን። እንግዳው በልቶና አመስግኖ ሲሄድ፥ እርስዋ እጅዋን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርጋ እስኪመሽ ድረስ ትቆማለች።

ስለዚህ በዚህ ዘመን ብዙ ሰው በእንግሊዝኛው ስም ዲሽ ዋሸር የሚለውን የዕቃ ማጠቢያ መኪና ለመግዛት የሚፈልግ ቤተ ሰብ በከተማችን ይገኛል። የአዲሱ ዋጋ የከበደ ስለ ሆነ፥ በደመወዝ ለሚኖር ሰው የሚቀርበው ያገለገለው ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ወዲህ፥ ቦሌና ቀስ በቀስም ከእርሱ በስተ ምሥራቅ ያሉት ሰፈሮች፥ ገርጂ፥ ሰሚት፥ ሲኤምሲና አያት፥ ከውጭ የሚመጣና ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የሚኖርባቸው ሆነዋል። በኤምባሲ፥ በአፍሪካ ኅብረትና በልዩ ልዩ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራው የውጭ አገር ሰው የሥራ ዘመኑን ፈጽሞ ሲመለስ የቤት ዕቃውን ሸጦ ይሄዳል፤ ከዓረብ አገርና ከአሜሪካ የሚመለሰውም ወገናችን ዕቃውን ጭኖ ይመጣል። እንዲህ ሆኖ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚተላለፈው መኪና፥ በፊተኛው ቤት ደኅና ሲሠራ ቆይቶ በኋለኛው ቤት አልነሣም የሚልበት ጊዜ አለ። ይህ በእኛም ቤት ስለ ደረሰ፥ ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ነገሩን ከነጥፋታችን ልንገልጸው ወደድን።

እኛ የምንኖረው በገርጂ ነው። ከእኛም ጋር ከገጠር የመጣች የእኅታችን ልጅ ትኖራለች። ቀን ቀን ባለቤታችንን በቤት ሥራ እየረዳች፥ የማታ ትምህርት እንድትማር ለእናትዋ ቃል ሰጥተን ነበር። ነገር ግን የማታ ትምህርት የሚጀመርበት ሰዓትና የራት ዕቃ የሚታጠብበት ሰዓት አንድ ሆኖ፥ ቃላችን በዓመት በዓመቱ ሲተላለፍ ሁለት መስከረም አለፈ። በመጨረሻ ባለቤታችን «ልጅቱን የያዛት ሳሕኑ ከሆነ፥ ሳሕኑን የሚይዝ ሌላ ነገር እንፈልግ» ስላሉን፥ ካጠራቀምነው ገንዘብ አውጥተን፥ በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ይኖር ከነበረና ወደ አገሩ ለመመለስ ከተነሣ አንድ የውጭ አገር ሰው መኪና ገዛን። ሻጩም «ትናንት ማታ ዕቃ አጥቤበታለሁ፤ እንከን የለበትም» ብሎ አረጋገጠልን። እኛም ቃሉን አምነን፥ ሲሠራ በዓይናችን ሳናይ ገንዘቡን ከፈልን።

ተሸካሚዎቹም በአይሱዙ ላይ በጎኑ አስተኝተው አመጡልን። የውሃው ጎማ ተገጠመ፤ ስፒናው ተሰካ፤ ሳሕኑ ተደረደረ፤ በሩ ተዘጋ። ቁልፉን በተጫንን ጊዜ ትንሽዋ መብራት በራች፤ ከሥርም እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ውሃ ግን አልገባም። አጥፍተን ብናበራው ያው ሆነ። ስንጠብቅ መሸ፤ ልጅቱም ምንም ሳትናገር የተደረደረውን ሳሕን አንድ በአንድ እያወጣች በእጅዋ አጠበችው።

በማግሥቱ የጠራነው ሠራተኛ አንዲት ብሎን እንኳ ሳይፈታ «ቦርዱ ተቃጥሎአል» ብሎ ፈረደ፤ ለመለወጫውም ከወር ደመወዛችን የሚበልጥ ገንዘብ ጠየቀን። በዚህ ጊዜ ቁጣችን ሁሉ ወደ ሻጩ ዞረ። «ሊሄድ ስለ ሆነ አታለለን» ብለን ብርቱ ቃል ያለበት ደብዳቤ ጻፍንለት። እርሱም መኪናው ከቤቱ በወጣበት ቀን ደኅና እንደ ነበረ በትሕትና መለሰልንና፥ በዚያው ሳምንት ወደ አገሩ ሄደ። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ስንሆን፥ ምስክር ሳንሰማ በሰው ስም ላይ መፍረዳችንን አላስተዋልንም። የነገሩ እውነት እንዴት እንደ ተገለጠ ከመናገራችን በፊት፥ መኪናው ምን እንደ ሆነና በምን ተራ ሊመረመር እንደሚገባው እናስረዳለን።

የዕቃ ማጠቢያ መኪናን ለሥራ የሚበቃ አድርጋ ያወጣችው ሴት ናት። ስምዋ ጆሴፊን ኮክሬን ይባላል፤ የምትኖረውም በአሜሪካ በኢሊኖይ ውስጥ ሼልቢቪል በምትባል ከተማ ነበር። የከበሩ ሳሕኖችዋ በእጥበት ጊዜ እየተሸረፉ ስላስቸገሩዋት ነገሩን ታስብበት ነበር፤ ባልዋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. ዕዳ ትቶባት በሞተ ጊዜ፥ ሐሳብዋን ለኑሮዋ መተዳደሪያ አደረገችው። በ1886 ዓ.ም. ዲሴምበር 28 ቀን የፈጠራ መብት ተሰጣት፤ በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽንም መኪናዋ ለሕዝብ ታየ። ነገር ግን በመጀመሪያ የገዙት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። ወደ ግል ቤት ፈጥኖ ያልገባበት አንዱ ምክንያት፥ በዚያ ዘመን የብዙ ሰው ቤት ለመኪናው የሚበቃ የሞቀ ውሃ ስላልነበረው ነው። አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልን እንለምናለን። ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ፥ መኪናው አልሠራም ሲል ጉድለቱ ከመኪናው ሳይሆን መኪናው ከገባበት ቤት የሚገኝበት ጊዜ አለ።

የዛሬው መኪና አሠራሩ እንዲህ ነው። በሩ በተዘጋ ጊዜ በጎማው በኩል ጥቂት ውሃ ይቀበላል፤ በውስጡ ያለው ማሞቂያ ውሃውን ያሞቀዋል፤ ፓምፑም የሞቀውን ውሃ ወደሚዞሩት ክንፎች እየገፋ በሳሕኑ ላይ ይረጨዋል፤ ያደፈውን ውሃ ሌላ ፓምፕ ያስወጣዋል። አንዳንድ ሰው አዲስ አበባ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ስላለች ውሃው ፈጥኖ እየፈላ መኪናው ይታወካል ብሎ ይሠጋል። ከተማችን ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች፥ በእርግጥ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ መኪናው ግን እንደ ልማዱ ውሃውን ከ70 ዲግሪ በላይ አያሞቀውምና ሥጋቱ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንመለስ። ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ፥ ከቀላሉም ወደ ከባዱ መሄድ ይገባዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፥ እጅን ወደ መኪናው ውስጥ ወይም ወደ ሥሩ ከማግባት በፊት ስፒናውን መንቀል፥ የውሃውንም ቧንቧ መዝጋት ግዴታ ነው። ኤሌክትሪክና ውሃ በተገናኙበት ቦታ መቸኮል ሕይወትን ያሳጣል።

1ኛ፥ ኤሌክትሪኩ ይመርመር። መብራቱ ጭራሽ ያልበራ እንደ ሆነ፥ መኪናውን ከመውቀስ በፊት በዚያው ሶኬት ላይ ካውያ ሰክቶ መሞቁን ማየት ነው። ካውያውም ያልሠራ እንደ ሆነ ብሬከሩ ወድቆ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ብሬከሩ የወደቀው ስለ ጭነት ብዛት ሊሆን ይችላል። የመኪናው ማሞቂያ 2,000 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ የእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ሁለቱ በአንድ መስመር በአንድ ጊዜ የተነሡ እንደ ሆነ፥ በ220 ቮልት 25 አምፔር ይሆናልና፥ ለ16 አምፔር የተሠራው መስመር አይችለውም። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪናውን ማሳረፍ ይሻላል። መኪናውን በቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ላይ መሰካትም የቃጠሎ ምክንያት ነውና፥ የመሬት ሽቦ ባለው በራሱ ሶኬት ላይ ይሰካ።

2ኛ፥ የመጣበት አገር ይታወቅ። ብዙ ጊዜ በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። በእርሱ ላይ የተጻፈው 220 ወይም 230 ቮልትና 50 ኸርዝ የሆነ እንደ ሆነ ከአገራችን ኤሌክትሪክ ጋር ይስማማል። ከአሜሪካ የመጣው ግን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በቀጥታ የተሰካ እንደ ሆነ ይቃጠላል። ከሳዑዲ ዓረቢያ የመጣው ደግሞ ቮልቱ ቢስማማም፥ የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ይህን ጽሑፍ ከመግዛት በፊት ማንበብ ከተገዛ በኋላ ከማዘን ያድናል።

3ኛ፥ በሩ ይታይ። በሩ በሚገባ ካልተዘጋ መኪናው ውሃ በቤት እንዳያፈስ ራሱን ይከለክላል። ሲዘጋ ቀጭ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ድምፁ ያልተሰማ እንደ ሆነ፥ ከመደርደሪያው የወጣ ጭልፋ ወይም ትልቅ ሳሕን በሩን ገፍቶት፥ ወይም የመቀርቀሪያው ምላስ በጉዞ ላይ ተጣሞ እንደ ሆነ መመልከት ነው።

4ኛ፥ የተሰጠው ትእዛዝ ይመርመር። የፊተኛው ባለቤት ሕፃናት እንዳይነኩት ቆልፎት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከብዙ ሰዓት በኋላ እንዲነሣ ቀጥሮት ይሆናል። በሚያጥብበትም ጊዜ መብራት የጠፋበት መኪና የጀመረውን ሥራ አስቦ ሌላ ትእዛዝ እንቢ ሊል ይችላል። ብዙዎቹ የመነሻው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ በተያዘ ጊዜ የቀደመውን ትተው እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ በየትኛው ቁልፍ እንደሚሆን መመሪያው ይናገራል።

5ኛ፥ ውሃው ይመርመር። በእኛ ሰፈሮች የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚደርስበት ስፍራ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቤተ ሰቡ የሚጠቀመው በጣሪያ ላይ ከተቀመጠው ሮቶ ነው። መኪናው ግን ውሃው ተገፍቶ እንዲመጣለት ይፈልጋል። የብዙ መኪናዎች መመሪያ ከግማሽ ባር ያላነሰ ግፊት ይጠይቃል። አንድ ባር የሚገኘው ውሃው ከ10 ሜትር ከፍታ የወረደ እንደ ሆነ ነው፤ ስለዚህ ለግማሽ ባር ሮቶው ከመኪናው 5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ከወጥ ቤቱ በላይ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ ለእጅ መታጠቢያ ይበቃል፤ መኪናው ግን ጠብቆ ጠብቆ ይቆማል። ለዚህ መፍትሔው ከሮቶው ሥር የምትገባ ትንሽ መግፊያ ሞተር ናት። በጎማው ጫፍ ያለችው ትንሽ ወንፊትም በዝቃጭ የተደፈነች እንደ ሆነ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትጠረግ።

6ኛ፥ የመኪናው ሥር ይታይ። በብዙ መኪናዎች ውስጥ ከሥር የብረት ወይም የፕላስቲክ ትሪ አለ። በትሪውም ላይ ትንሽ ተንሳፋፊ ነገር ተቀምጦአል። ከላይ ውሃ የፈሰሰ እንደ ሆነ በትሪው ይጠራቀማል፤ ተንሳፋፊውም ከፍ ብሎ የውሃውን መግቢያ ያስዘጋል፤ የማስወጫው ፓምፕም ያለማቋረጥ ይሠራል። ይህ ቤቱን ከጥፋት ለማዳን የተደረገ ጥበብ ነው። መብራቱ በርቶ ውሃ ሳይገባ የማያቋርጥ የፓምፕ ድምፅ ብቻ የተሰማ እንደ ሆነ፥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በእጅ ለማጠብ የሚሆነውን ፈሳሽ ሳሙና በመኪናው ውስጥ የጨመረ ሰውም በዚሁ ይያዛል፤ አረፋው በዝቶ በሩን አልፎ ወደ ትሪው ይወርዳልና። ለመኪናው የተሠራው ሳሙና ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምክንያቱ ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ በዚያን ጊዜ ቴስተር ይዞ የሚመጣ እውነተኛ ባለ ሙያ ይጠራ። እርሱም የበሩን ማብሪያ፥ የሙቀት ፊውዙንና ሽቦዎቹን ለክቶ፥ ቦርዱን በመጨረሻ ይመርምር። ከሁሉ ዋጋው የከበደው ቦርዱ ነውና፥ በእርሱ ላይ ያለ ማስረጃ መፍረድ አይገባም።

እኛ ግን ይህን ተራ የተማርነው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። በአሥራ አንደኛው ማታ ሻጩ ከመኪናው ጋር የሰጠንን የመመሪያ መጽሐፍ አውጥተን ስናነብ፥ ስለ ትሪውና ስለ ተንሳፋፊው የተጻፈውን አገኘን። ድምፁ እኛ የሰማነው ድምፅ ነበር። ነገር ግን በቤታችን አንዲት ጠብታ ውሃ ያልገባችበት መኪና በሥሩ ውሃ ከየት አመጣ? ይህን ከባለቤታችን ጋር ስንከራከር፥ ልጅቱ ከማጠቢያው ገንዳ ሆና «ጋሼ፥ ሰዎቹ ከአይሱዙው ሲያወርዱት ውሃ ይንጠባጠብ ነበር፤ ደረጃውን የወለወልሁት እኔ ነኝ» አለች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?» ብንላት፥ «ማን ጠየቀኝ?» ብላ መለሰች።

በዚህ ቃል አፈርን። ሠራተኛውን ጠይቀናል፤ ጎረቤቱን ጠይቀናል፤ ሻጩንም ወቅሰናል። መኪናው ለእርስዋ ሲባል የተገዛላትን፥ ሲወርድ አጠገቡ የነበረችውንና አሥር ማታ በእርሱ ፈንታ ሳሕን ያጠበችውን ልጅ ግን አልጠየቅናትም ነበር። ነገሩም እንዲህ ነበረ። ሻጩ እንዳለው በዋዜማው አጥቦበታል፤ ከእጥበት በኋላ በመኪናው ጕድጓድ ጥቂት ውሃ መቅረቱ ልማድ ነው፤ ተሸካሚዎቹ በጎኑ ባስተኙት ጊዜ ያ ውሃ ወደ ትሪው ፈሰሰ። መኪናው በቤታችን ጎርፍ የመጣ መስሎት ራሱን ዘግቶ ውሃ ለማስወጣት ይደክም ነበር።

ወዲያው ስፒናውን ነቅለን፥ ቧንቧውን ዘግተን፥ በፊት ለፊት ከታች ያለውን ሽፋን ብሎኑን ፈትተን አወጣነው። በትሪው ውስጥ ሁለት ብርጭቆ የሚያህል ውሃ ነበር። ልጅቱ በጨርቅ እየነከረች ጨመቀችው፤ እስኪደርቅም ድረስ ክፍት አድርገን አሳደርነው። በማግሥቱ ተንሳፋፊው ወደ ቦታው ወርዶ ነበር። ሽፋኑን መልሰን፥ ስፒናውን ሰክተን ቁልፉን በተጫንን ጊዜ፥ ያ የንብ ድምፅ ጠፍቶ ውሃ ሲገባ ተሰማ። የመድኃኒቱ ዋጋ አንድ ጨርቅ ሆነ።

ለሻጩም በዚያው ቀን ይቅርታ ጠይቀን ጻፍንለት። እርሱም ውሃውን አራግፎ አለማስረከቡ የራሱ ጥፋት መሆኑን ገልጾ፥ ልጅቱ ትምህርት ስትጀምር እንድናስታውቀው ለምኖ መለሰልን። በጥርጣሬ ከጻፍነው ደብዳቤ ይልቅ ይህ መልስ ከብዶናል።

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ሰው የምንመክረው ይህ ነው። አስቀድሞ በሻጩ ቤት ተሰክቶ ሲሠራ ይይ፤ ውሃ ሲገባ፥ ሲረጭና ሲወጣ ይስማ። የመመሪያውን መጽሐፍ ይጠይቅ። ከመነሣቱ በፊት ውሃው እንዲራገፍ ያድርግ፤ ተሸካሚዎቹም አቁመው እንዲያጓጉዙት ይዘዝ፤ ማስተኛት ግድ ከሆነ በጎኑ ሳይሆን በጀርባው ይሁን። ወደ ቤቱ በደረሰ ቀን ይሞክረው እንጂ ለሌላ ጊዜ አያሳድረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢው የተረከበውን ዕቃ እንዲመረምርና ጉድለት ያገኘ እንደ ሆነ ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሻጩ በሳምንቱ አውሮፕላን በሚሳፈርበት በቦሌ፥ ይህ ትእዛዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ግልጽ ነው። ነገር ግን ማስታወቅ ሌላ ነው፥ መወንጀል ሌላ ነው።

መኪናው ከተነሣም በኋላ ሁሉን ዕቃ ማስገባት አይገባም። የሸክላ ጀበና፥ የእንጨት ማማሰያና የወርቅ ቀለም ያለበት ሲኒ በእጅ ይታጠቡ። በሳሕን ላይ የቀረው ወጥና እንጀራም አስቀድሞ ተጠርጎ ይጣል፤ የመኪናው ወንፊት የሚደፈነው በዚህ ነውና።

ልጅቱ የማታ ትምህርቱ ምዝገባ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ተመዘገበች። ዛሬ ራት ከተበላ በኋላ ደብተርዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ሳሕኑን በመደርደሪያው የምንደረድረውና የደረቀውን ወደ ቦታው የምንመልሰው እኛ ነን። መኪና ቢኖርም ጥቂት ሥራ ለሰው ይተርፋልና፥ ያ የተረፈው በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ በየቤቱ ቢታሰብበት መልካም ነው እንላለን።